ከደም ምርመራው በፊት ፌስታሉን

«ሲስተር፣ ያ የመርሳት በሽታን የሚለየው የደም ምርመራ እናንተ ጋ ይሠራል?»

ከፈረንጆቹ 2025 ወዲህ የሚደውልልኝ የሀገሬ ሰው ሰላምታውን እንደ ጨረሰ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ደዋዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ልጆች ናቸው። እናት ድስት ጥደው ይረሳሉ፤ አንዱን ጥያቄ ከምሳ እስከ እራት አሥሬ ይጠይቃሉ፤ የልጅ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠራሉ። ልጅ ትደነግጥና ሌሊቱን ስልኳን ስትጎረጉር ታድራለች፤ ጠዋት ለእኔ ትደውላለች። እኔ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ የማስታወስ ችግር የገጠማቸው አረጋውያን በሚታዩበት ክሊኒክ ነው የምሠራው።

ምርመራው ይሠራል። ጥሩ ምርመራም ነው። ግን ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ስትመጡ እማማ የሚውጡትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ሐኪም ያዘዘውን፣ ከሱቅ የተገዛውን፣ ጎረቤት ‹እኔን አሽሎኛል› ብላ የሰጠቻቸውንም።»

አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ደም ይቀዳል ብለው የሥራ ፈቃድ ወስደው መጥተው የክኒን ብልቃጥ ሲቆጠር ማየት ደስ አይልም። እኔ ግን ከፌስታሉ የማላገኘው ነገር የለም።

የአንዲት እናትን ፌስታል ላሳያችሁ (ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ)። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ነጠላቸው ጥልፍ ያለው፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ልጃቸው «አልዛይመር ነው፤ እርግጠኛ ነኝ» ብላ ነው ያመጣቻቸው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ለደም ግፊት አምሎዲፒን። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ የተወሰደ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ማሸጊያው ላይ የአዲስ አበባ ፋርማሲ ማኅተም ያለበት። ለእግር ማቃጠል ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን። ከሁሉም ሥር ልጃቸው ያለ ማዘዣ ከሱቅ የገዛችላቸው የእንቅልፍ ክኒን፤ ጀርባውን ሳነበው ውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ነው።

«እማማ፣ ይህንን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ነው ልጄ።»

«በየስንት ጊዜው እንቢ ይልዎታል?»

«ሁልጊዜ ነዋ!»

አንጎላችን አዲስ ነገር ሲይዝና ሲያስታውስ ከሚጠቀምባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። አሚትሪፕቲሊንም ዳይፈንሃይድራሚንም ከዋናው ሥራቸው ጎን ለጎን ይህንኑ ኬሚካል ይከለክላሉ። ወጣት ሰው ላይ ድብታና የአፍ መድረቅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዛውንት ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የማይገፈፍ ጭጋግ ያመጣሉ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ለሽማግሌዎች ባይሰጡ ይመረጣል ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም አሉበት። እማማ ሁለቱን ደርበው ነበር የሚተኙት።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሜትፎርሚንም ኦሜፕራዞልም ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ሰውነት ከምግብ የሚወስደውን ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንሱ ይችላሉ። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ጤፍ ውስጥ የለም፣ ሽሮ ውስጥም የለም። እማማ ሑዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን አንድም ሳያጎድሉ የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ ይህን ሲደምሩት የዓመቱ እኩሌታ ገደማ ይሆናል። ደማቸው ሲመረመር ቢ12 እጅግ ወርዶ ተገኘ። ቢ12 ሲጎድል ሰው ይረሳል፣ ይደነዝዛል፤ እግሩም ያቃጥለዋል። ያ አሚትሪፕቲሊን የታዘዘው ለእግር ማቃጠል ነበር!

ሐኪሙ የቢ12 መርፌ አስጀመራቸው፤ የእንቅልፉን ክኒን አስተዋቸው፤ አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ በቀስ ቀነሰው። (ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ አንዳንዱ በድንገት ሲቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል።) ጾም ይተዉ ያላቸውም የለም፤ የቢ12 ክኒን አለ፣ ከንስሐ አባት ጋርም መነጋገር ይቻላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ድስት ማሳረሩ ቀረ። ስም መርሳቱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ነው ስለ አልዛይመር ምርመራ ማሰብ ተገቢ የሆነው፤ ጭጋጉ ተገፎ የቀረው ምን እንደሆነ ሲታይ።

የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ከወራት በፊት ወድቀው ጭንቅላት ውስጥ የቋጠረ ደም፣ እነዚህም ሁሉ መርሳት መስለው ይመጣሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ከዘባረቀ፣ ቀንና ሌሊት ከተምታታበት፣ ያ የመርሳት በሽታ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮ ወረፋ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

አሁን ወደ ደም ምርመራው። በ1901 አሎይስ አልዛይመር የተባለ ሐኪም ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ተቀበለ። ትረሳለች፣ ባሏን ትጠረጥራለች፣ ስሟን ጻፊ ስትባል ትጀምርና ይጠፋባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው። በነርቭ ሴሎቹ መካከል የተጋገረ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተቋጠረ ክር የመሰለ ነገር አገኘ። የተጋገረውን ዛሬ አሚሎይድ፣ ክሩን ታው እንለዋለን። ሁለቱም ፕሮቲኖች ናቸው። አሚሎይዱ መከማቸት የሚጀምረው ሰውየው መርሳት ከመጀመሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት አስቀድሞ ነው። በሰባ ዓመታቸው የሚረሱት እናት በሃምሳ ዓመታቸው፣ ገና ሠርግ ሲደግሱና እድር ሲያስተባብሩ፣ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ተጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ ብቻ ነበር። ኋላ ከወገብ በመርፌ የሚቀዳ ፈሳሽ መጣ፤ ቀጥሎም አሚሎይዱን በምስል የሚያሳይ ፔት ስካን። አንዱ ያስፈራል፣ ሌላው ኪስ ያራቁታል። አዲሱ ነገር ፒ-ታው 217 ነው። አንጎል ውስጥ አሚሎይድ ሲከማች የተለወጠ ታው እየሾለከ ወደ ደም ይገባል፤ መጠኑ እጅግ ኢምንት ነው፤ የዛሬ መሣሪያዎች ግን ይለኩታል። ባዮማርከር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፦ በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ከውጭ ሆኖ የሚጠቁም፣ የሚለካ ምልክት።

በ2024 ስዊድን ውስጥ የማስታወስ ችግር አለብን ብለው ሐኪም ጋ በሄዱ 1,213 ሰዎች ላይ ጥናት ተደረገ። የጤና ጣቢያ ሐኪሞች ያለ ደም ምርመራው አልዛይመር መሆን አለመሆኑን በትክክል የለዩት 61 በመቶውን ነበር፤ የዘርፉ ስፔሻሊስቶች 73 በመቶውን። ፒ-ታው 217ን ከአሚሎይድ መጠን ጋር አጣምሮ የሚያየው የደም ምርመራ ግን ወደ 90 በመቶ ደረሰ። ይህ ውጤት በዚህ ሥራ ላይ ያለነውን ሰዎች ትሑት ሊያደርገን ይገባል። በግንቦት ወር 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ በሽታ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ አጸደቀ፤ ምልክት ለታየባቸው አዋቂዎች። ለማጽደቂያ በቀረቡት 499 ናሙናዎች ከአምስት አንድ በማይሞላው ላይ ምርመራው «አለ»ም «የለም»ም ሳይል ቀርቷል። ቁርጥ ያለ መልስ ሲሰጥ ግን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በላይ ትክክል ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ፌስታሉ ለምን ይቀድማል? ምርመራው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ስለሆነ ነው፦ አንጎል ውስጥ አሚሎይድ አለ ወይስ የለም። ድስቱ ያረረው በዚያ ምክንያት መሆኑን አይነግርም። ምንም የማይረሱ፣ ሒሳባቸውን እንደ ወጣት የሚሠሩ አረጋውያን ቢመረመሩ ከሦስቱ አንዱ ገደማ አሚሎይድ ይገኝበታል።

ለዚህ ከመነኮሳይያት የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1986 ዴቪድ ስኖውደን የተባለ ተመራማሪ ሚኒሶታ ውስጥ ማንካቶ ከተማ ወደሚገኝ የካቶሊክ ገዳም ሄደ። ጥናቱ እየሰፋ 678 መነኮሳይያት ተሳተፉበት፤ ሁሉም 75 ዓመትና ከዚያ በላይ። በየጊዜው የማስታወስ ፈተና ሊፈተኑ፣ ሲሞቱም አንጎላቸውን ለምርምር ሊሰጡ ተስማሙ። መነኮሳይያቱ ለተመራማሪ የሚመቹበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ማዕዳቸው ተመሳሳይ፣ አኗኗራቸው ተመሳሳይ፣ ሕክምናቸው ተመሳሳይ፤ አያጨሱም፤ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ።

ከጥናቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ሲስተር ሜሪ የተባሉት ናቸው። በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፈተናውን ጥሩ ነጥብ ይዘው ያልፉ ነበር። አንጎላቸው ሲታይ አልዛይመር ያየው ያ የተጋገረና የተቋጠረ ነገር ሞልቶበታል። በሽታው ነበረባቸው፤ ሕመሙ ግን አልነበረባቸውም! የገዳሙ መዝገብ ቤትም አንድ ነገር ይዞ ተገኘ፦ ብዙዎቹ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሲመነኩሱ በእጃቸው የጻፉት አጭር የሕይወት ታሪክ። አረፍተ ነገራቸው በሐሳብ የታጨቀ ከነበሩት ውስጥ ከ60 ዓመት በኋላ የታመሙት ጥቂት ናቸው፤ ደረቅና ባዶ ከጻፉት ውስጥ ግን ብዙ። በሽታው እያለ ሳይታመሙ የመኖርን ጉልበት ሊቃውንቱ የአንጎል ተጠባባቂ አቅም ይሉታል፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ውስጥ ለውስጥ የሚያስኬድ ሰፈር እንደማወቅ ነው።

ሌላም አለ። አንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር ምልክት ከተገኘባቸው መነኮሳይያት መካከል፣ በዚያ ላይ ትንንሽ ስትሮክ የተጨመረባቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ታመዋል፤ ስትሮክ ያልነበረባቸው ግን ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ብቻ። አሚሎይዱ መከማቸት እንዳይጀምር ማድረግ በእጃችን አይደለም። ትንንሾቹን ስትሮኮች የሚያመጣው የደም ግፊት ግን በእጃችን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ ሰው ዘንድ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ። «ደም ብዛት አለብዎት?» ስል «አለብኝ» ይላሉ። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» «ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ።» ግፊት ግን ሁልጊዜ ራስን አያሳምምም። ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 9,361 የግፊት ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው ተጠኑ፤ የአንዱ ቡድን የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች፣ የሌላው ከ120 በታች እንዲሆን ተደረገ። ውጤቱ በ2019 ሲወጣ ወደ 120 የወረዱት መለስተኛ የማስታወስ መቀነስ የደረሰባቸው በ19 በመቶ ባነሰ መጠን ነበር። ሙሉ የመርሳት በሽታን በተመለከተ ግን ልዩነቱ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚበቃ አልነበረም። ቁጥሩ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው አዛውንት ወደ 120 ካልወረዱ ብሎ መጣል ጉዳት ነው። ለራስ ምታት እየጠበቁ መዋጥ ግን ለማንም አይበጅም።

በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ኮሚሽን 14 ነገሮች በሙሉ ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። ቁጥሩ ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ እናንተ እናት አይደለም። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ውፍረት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ድብርት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የተበከለ አየር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ ሁሉም አሉበት። ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ግን ብዙ ሰው የማይጠብቃቸው ሁለት ናቸው፦ በጎልማሳነት የሚመጣ የመስማት መቀነስና ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ እያንዳንዳቸው 7 በመቶ። የትምህርት ማነስና ብቸኝነት ይከተላሉ፣ በ5 በመቶ።

ጆሮ! ሰሚ ያጣሁበት ምክሬ ይህ ነው። አባት ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልጅ «አባዬ መርሳት ጀመረ» ትላለች። ያልሰሙትን ምኑን ያስታውሱት? «ጆሮዬማ ደህና ነው፤ የዘንድሮ ሰው ነው የሚያንሾካሹከው» ይሉኛል። መጀመሪያ ኩክ እንዳለ ይታያል። ቀጥሎ የመስማት ምርመራ። ከጥቅምት 2022 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ መለስተኛ የመስማት ችግር ላለበት አዋቂ የመስሚያ መሣሪያ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። መሣሪያው አንጎልን ያድን እንደሆነ ከ70 እስከ 84 ዓመት በሆኑ 977 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተጠንቶ በ2023 ታትሟል። ሁሉም ተደምረው ሲታዩ ለውጥ የለም። በቀድሞ የልብ ጥናት ውስጥ የነበሩት፣ ግፊትና ስኳር የሚበዛባቸው፣ በዕድሜም የገፉት ብቻቸውን ሲታዩ ግን ማሽቆልቆሉ በ48 በመቶ ዘገየ። እኔ ይህንን የማነበው እንዲህ ነው፦ አደጋው ለበዛበት ሰው ይጠቅማል፤ ለሌላውም ቢያንስ ጨዋታ ይመልስለታል።

ጨዋታ ስል እዚህ አሜሪካ ከልጆቻቸው ጋር ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እናቶች ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሌሊት በ11 ሰዓት ትወጣለች፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው አልፋ ማታ ትመለሳለች። የልጅ ልጆች አማርኛ አይችሉም። ሀገር ቤት ሳሉ ጠዋት ኪዳን፣ ረፋድ ላይ ቡና፣ በወር አንዴ ጽዋ፣ በሳምንት አንዴ ለቅሶ መድረስ የነበራቸው ሴቶች ናቸው፤ አሁን የሚያነጋግራቸው ቴሌቪዥን ነው። የመጡበት ዓመት ከጃጁበት ዓመት ጋር ሲገጥም ቤተሰቡ እርጅና ነው ይላል። እኔ እርጅናው ብቻ አይመስለኝም። ለዚህ የምሰጠው ማዘዣ የለኝም፤ ሐበሾች የሚውሉበት የአረጋውያን መዋያ አድራሻ ግን በኪሴ አለኝ።

የትምህርቱ ነገር ደግሞ ከፈተናው ጋር ይያያዛል። ብዙዎቹ የእኛ እናቶች ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደል የቆጠሩት በእኛ አቆጣጠር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ እሱም ከደረሳቸው። እዚህ ሲመጡ ሞካ የሚባል ፈተና ይቀርብላቸዋል፤ ከ30 የሚታረም፣ 26 ሲሆን ደህና የሚባል። ከሥዕሎቹ መካከል አንበሳና ግመል አሉ፤ እነሱን አያጡም። ነገር ግን ኪዩብ ገልብጠሽ ሣዪ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን እርሳስ ይዘው የማያውቁ ሰው ኪዩብ አጣመው ቢሥሉ የተለካው አንጎላቸው ነው ወይስ ልጅነታቸው? ፈተናው ትንሽ ለተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይጨምራል። አንድ ነጥብ!

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ጠዋት በ4 ሰዓት እንዲህ ያሉ አንዲት እናት ሲፈተኑ አጠገባቸው ነበርኩ። አስተርጓሚው በስልክ ነው።

«ዘንድሮ ስንት ዓመት ነው?» «2017።» ፈታኙ ስህተት ብሎ ጻፈ። «ወሩስ?» «ሐምሌ፤ ገብርኤል አልፏል።» ቀኑን ጠይቆ የተሰጠው መልስም ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። አስቆምኩት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁሉም ትክክል ነበር፤ አልፈውም የበዓሉን ቀን ነግረውታል። ቀጥሎ ክብ ሠርተው ሰዓት እንዲሥሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲያመለክቱ ተጠየቁ። እርሳሱን ይዘው ቀና አሉና፣

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አሉ።

በማስታወሻዬ ላይ ይህን ጥያቄያቸውን ቃል በቃል ጻፍኩት። ሁለት አቆጣጠር በአንድ ራስ ይዞ የቱን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ አንጎሉ ብዙ ነግሮኛል። ከዚያ ልጃቸውን ፈተናው ላይ የሌለውን ጠየቅኋት። ዶሮ ሲሠሩ ቅደም ተከተሉ ይሳሳትባቸዋል? ብልቱን 12 አድርገው ይለያሉ? የእድር መዋጮ ከፍለው ደግመው ይከፍላሉ? ጾም መቼ እንደሚገባ ይጠፋባቸዋል? ሃምሳ ዓመት ሲሠሩት በኖሩት ነገር ላይ የመጣ ለውጥ ከኪዩብ ይበልጥብኛል። ስትመጡ ይህንን በወረቀት ይዛችሁ ብትመጡ ትጠቅሙናላችሁ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ቀስ እያለ ነው ወይስ በድንገት፣ ምን ማድረግ እንዳቃታቸው።

ስለ ዘር የሚጠይቁኝም አሉ። አፖ-ኢ 4 የሚባል የዘር ዓይነት አለ፤ ከእናት ወይም ከአባት አንዱን የወረሰ ሰው ለአልዛይመር ይበልጥ ይጋለጣል፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ እጅግ። ግን ይህ የተባለው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ተጠንተው ነው። የኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያንንና የናይጄሪያዋን የኢባዳን ከተማ ነዋሪዎች ጎን ለጎን ይዞ ለዓመታት የቆየ ጥናት አለ። በ2001 በታተመው ውጤት በዓመት አዲስ አልዛይመር የሚይዛቸው ኢባዳን ውስጥ 1.15 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 2.52 በመቶ ነበሩ፤ አፖ-ኢ 4 በኢባዳኖቹ ላይ ያሳየው ጉልበትም ደካማ ነበር። ስለዚህ ዘሩን ሊያስመረምር በፖስታ ምራቁን ልኮ «ተፈርዶብኛል» እያለ የሚደውልልኝን ወጣት አረጋጋዋለሁ። ግፊቱን መለካት ከዚያ ይቀድማል።

ፌስታሉም ጆሮውም ግፊቱም ታይቶ፣ ቢ12ና እንቅርቱ ተለክቶ፣ አሁንም ከወር ወር የሚብስ መርሳት ካለ፣ ያኔ የፒ-ታው ምርመራ ጊዜው ነው። ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ለማወቅ ያህል እንዲመረመር አይመከርም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ፒ-ታው ያለ አልዛይመርም ከፍ ሊል ስለሚችል ኩላሊት አስቀድሞ ይታያል። ኒውሮፊላመንት የሚባል ሌላ መለኪያ አለ፤ እሱ ነርቭ መጎዳቱን እንጂ የጎዳውን አይናገርም።

መኖሩ ቢረጋገጥስ? ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ጸድቀዋል። አሚሎይዱን ከአንጎል የሚጠርጉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሲጸድቁ በደም ሥር የሚሰጡ ነበሩ፣ የመጀመሪያው በየሁለት ሳምንቱ፣ ሁለተኛው በየወሩ። የሚሰጡት ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። በ1,795 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ሌካኔማብ በ18 ወር ውስጥ ማሽቆልቆሉን በ27 በመቶ አዘገየው፤ አላቆመውም፣ የጠፋውንም አልመለሰም። አንጎል ሊያብጥ ወይም ሊደማ ስለሚችል በየጊዜው ኤምአርአይ ይነሣሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና ሁለት አፖ-ኢ 4 ያላቸው አደጋው ይበዛባቸዋል። አንዳንድ ቤተሰብ ይሁን ይላል፤ አንዳንዱ ይቅርብን ይላል። ሁለቱንም አልነቅፍም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የምጣላውም በእሱ ነው። ልጆች ኮሪደር ላይ ይጠብቁኝና በሹክሹክታ «ሲስተር፣ ውጤቱን ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ትሞትብናለች» ይሉኛል። ሀገር ቤት እያለሁ ይህ ልማድ ነበር፤ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ውጤቱ የእሳቸው ነው፤ ቤታቸውን ለማን እንደሚተዉ፣ የባንክ ደብተሩን ማን እንደሚይዝ፣ ሀገራቸው ገብተው መኖር እንደሚፈልጉ የሚናገሩት ገና መናገር ሲችሉ ነው። ስለዚህ እማማን ብቻቸውን እጠይቃቸዋለሁ፦ «ውጤቱ ሲመጣ ማን ይስማው? እርስዎ፣ ልጅዎ ወይስ አብራችሁ?» አንዳንዶቹ «ልጄ ትስማው፤ እኔ ምን ይሠራልኛል» ይላሉ፤ እሱም መልስ ነው፣ እጽፈዋለሁ። ብዙዎቹ ግን «እኔ ልስማው እንጂ!» ይላሉ፣ ተቆጥተው። ይህንን የምጠይቀው ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ነው፤ ከተቀዳ በኋላ ውጤቱ ሐኪሙ ሳያየውም በስልክ ይገባል፣ የይለፍ ቃሉን የያዘችው ደግሞ ልጅ ናት።